እሳቸው እስካሉ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬ ቤት አየን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት ግን ባሕሩን ያሳያል። ወደ ላይ ስንወጣ ሊቪዮ ያፏጭ ነበር። ባሌ ሲያፏጭ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ደላላው ሲኞር ቱሊዮ ይባላል። ጥሩ ካፖርት ለብሷል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ አቆመንና ሹክ አለን።

«በዚህ ዋጋ ትሪየስቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አታገኙም። ለምን እንደረከሰ ልንገራችሁ፣ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉኝ። ቤቱን ዛሬ ትገዛላችሁ፤ ሲኞራ ኤርሚኒያ ግን እሳቸው እስካሉ ይኖሩበታል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ የእናንተ ነው።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?» አለ ሊቪዮ።

«ሰማንያ ዘጠኝ። ልባቸው ደካማ ነው ይባላል።» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። «እኔ ምንም አላልኩም። ሐኪም አይደለሁም።»

ሴትዮዋ ራሳቸው ከፈቱልን። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጭ ፀጉራቸው በደንብ የተበጠረ፣ በግራ እጃቸው ከዘራ። ከእግር እስከ ራስ ካዩን በኋላ «አዲሶቹ እናንተ ናችሁ?» አሉ። «ግቡ፣ ንፋስ አታስገቡብኝ።»

አዲሶቹ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅንም። ባሕሩን እያየን ነበር።

ሊቪዮ አሁንም አልተኛም። ጣሪያውን እያየ «ሰማንያ ዘጠኝ» ይላል። «ኔቪያ፣ ሰማንያ ዘጠኝ!» የአከራያችን ልጅ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ልቀቁ ብሎናል፤ ቤቱን ለቱሪስት ሊያደርገው ነው። በዚህ ከተማ ለሰው የሚከራይ ቤት ጠፍቶ ለሻንጣ ብቻ ሆኗል። እና ምን እናድርግ? የሰው ቤት ነጠቅን እንዴ? ማንንም አልጎዳንም። ሴትዮዋ እንደሆኑ እስከ መጨረሻው እዚያው ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ፈረምን። ሻጯ እሳቸው ይመስሉን ነበር፤ ግን በሻጭ በኩል በውክልና የፈረመው ሲኞር ቱሊዮ ነው። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። ሊቪዮ እስክሪብቶውን ለመቀበል ስለቸኮለ ማን እንደወከለው አላየንም።

ሲኞራ ኤርሚኒያ መስማት እፈልጋለሁ ብለው መጥተው ነበር። ውል አዋዋዩ እያነበበ «እሳቸው እስካሉ ድረስ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጮክ በል ልጄ» አሉት። «የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ አልደነግጥም።»

ሁላችንም ሳቅን። ሊቪዮ ከሁላችን አብልጦ ሳቀ። ስፈርም የራሴን ስም ተሳሳትኩ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ኬክ ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር መኖሩ የተለየ ነገር የለውም። ሁልጊዜ አለ።

እሳቸው ሰሃን ሊያመጡ ሲሄዱ የሳሎኑን መስኮት መለካት ጀመርኩ። ኮቴያቸውን አልሰማሁም። ዘወር ስል ከኋላዬ ቆመዋል።

«ያንን ጫፍ ስጪኝ» አሉ። «ብቻሽን አስተካክለሽ አትለኪውም።»

ሰጠኋቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የሜትሩን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙልኝ። እንዲህ እያልን ሁሉንም መስኮት ለካን።

«ምን ቀለም አሰብሽ?»

«የወይራ አረንጓዴ።»

ቆም ብለው አሰቡበት። «ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ ግን አላየውም።»

ኬኩን ቆረስኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ምሳ ጠርተውን ጆታ ሠርተው ጠበቁን። የቦሎቄና የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ ማንም ይሠራል፤ እንዲህ የሚጣፍጥ ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ አልቀመስኩም። ሊቪዮ አንዱን ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል እጁን ያዙት።

«እሱ የኢንጂነሩ ነው። ያኛው የጥርስ ሐኪሙ። አንተ እዚህ ተቀመጥ፣ አዲስ ገዝቼልሃለሁ።»

«የትኛው ኢንጂነር?» አለ ሊቪዮ እየሳቀ።

«ቤቴን የገዛኝ ነዋ! መጀመሪያ ለእሱ ሸጥኩ። ደግ ሰው ነበር፣ በመጣ ቁጥር ኮክ ያመጣልኝ ነበር። ደረጃ ስወጣ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ እግሬን ያይ ነበር። ሞተ። ልጆቹ ለጥርስ ሐኪሙ ሸጡት። እሱም ሞተ፣ ገና ጎልማሳ ነበር እኮ። ሚስቱ ለእናንተ ሸጠችው። ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሊቪዮ ማንኪያውን አስቀመጠ። ወንበሩ ላይ በሰያፍ ተቀመጠ፤ ምሳው እስኪያልቅ እንዲያ ሆኖ ቆየ። እኔ ሾርባ አስጨመርኩ። ርቦኝ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ሊቪዮ ደላላው ጋ ደወለ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ሰማሁ።

«ለምን አልነገርከንም?» ... «እንዴት አልጠየቃችሁኝም ትላለህ?» ... «ሁለቱም? ሁለቱም በምን?»

ስልኩን ዘጋው። «አንዱ መኪናው ውስጥ ልቡ ቆሞ፣ አንዱ ሲዋኝ» አለኝ። «የሰው ዕድሜ በእኔ እጅ ነው እንዴ አለኝ፣ ይሄ ሌባ!»

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። እናቴ መቃብር ላይ አበባ ላኖር ሄድኩ። መካነ መቃብሩ እንደ ገበያ ሞልቷል። ስመለስ ሲኞራ ኤርሚኒያን አየኋቸው፤ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት መቃብሮች መሀል ጎንበስ ብለው ቢጫ አበባ ያስተካክላሉ።

«ተመልከቺ» አሉኝ። «ይሄ ኢንጂነሩ፣ ይሄ የጥርስ ሐኪሙ። ተመስገን ነው፣ ጎረቤት ሆኑልኝ። ተራርቀው ቢሆን እግሬ አይችልም ነበር።» ቀና ብለው ጓንታቸውን አወለቁ። «እናንተስ የት ነው የምትቀበሩት?»

ፌዝ የለባቸውም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። የሊቪዮ ቤተሰብ መቃብር ሙጃ ከተማ ነው አልኳቸው።

«ሙጃ!» አሉ አዝነው። «ያን ያህል መንገድ!»

ለሊቪዮ አልነግረውም።

ነገርኩት። እራት ላይ ምን ሆነሻል ሲለኝ ሌላ የምለው አጣሁ። ሳላስበው አመለጠኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ሊቪዮ ያስለዋል። ሐኪሙ ብርድ ነው፣ የሚሠራበት የወደብ መጋዘን ቅዝቃዜ ነው ብሎታል። አላመነም። መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን ያያል፣ የዓይኑን ቆብ ይገለብጣል።

የሱቃችን ባለቤት ለአንዲት ደንበኛ ስትነግር ሰማሁ፦ «ኔቪያ ቤት ገዛች፣ የሚኖሩበት አሮጊት እስኪሞቱ ትጠብቃለች።» ደንበኛዋ ዞር ብላ አየችኝ። መርፌ ጣቴን ወጋኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ዛሬ ስሄድ ሲኞራ ኤርሚኒያ ደረጃውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። ከዘራ የለም።

«ሰለቸኝ» አሉ። «ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ ብርታት አገኛለሁ። ከእናንተ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልመጣም እኮ።» ጉንጫቸው ቀይ ነው። ወደ ላይ ቀድመውኝ ወጡ፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ትንፋሽ ሳብኩ።

እሳቸው ጋ ስሆን ይቀለኛል። እንዲህ መጻፍ ያሳፍራል ግን እውነት ነው። ስለ ባላቸው፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ድሮ ልብስ ሰፊዎች ያወሩልኛል። ያላለቀ ሥራዬን አይተው «እዚህ ጋ ስፌትሽ ቸኩሏል» ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ቤት ስገባ ሊቪዮ «እንዴት ናት?» አለኝ።

እሳቸው ማለት ከመቼ እንደተወ አላስተዋልኩም። «ደህና ናቸው» አልኩት።

«ደህና ማለት?»

«ከዘራ ትተዋል።»

መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያስል ቆየ፣ ከዚያ ለራሱ እንዲህ ሲል በበሩ ሰማሁ፦ «ወይ እሷ ወይ እኔ።» ምናልባት ሌላ ነገር ነው ያለው። ውኃው ይፈስ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

የእመቤታችን በዓል ነው። ሊቪዮ ከሥራ ባልደረባው የመፍቻ ሣጥን ተውሶ መጣ። «የመታጠቢያ ቤታቸው የጋዝ ማሞቂያ አርጅቷል፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል» አለኝ። ደስ አለኝ። የእኛ ወጥ ቤት ቧንቧ ካምና ጀምሮ ያንጠባጥባል፣ ለእሱ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ግን ለሽማግሌ መድረስ ይቀድማል። ሊቪዮ በመሠረቱ ደግ ሰው ነው።

እሱ ሲሠራ እኔና ሲኞራ ኤርሚኒያ ወጥ ቤት ተቀምጠን ለውዝ ፈለፈልን። ሲጨርስ ምስጋናቸውን አዥጎደጎዱለት። ጆታ አቀረቡለት። «መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ» አላቸው፣ እንደ ቀልድ። ቀመሱለት። እሱ ግን አልበላም።

ወደ ቤት ስንሄድ «ገላዋን መቼ ነው የምትታጠበው?» አለኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ገና ሱቅ ሆኜ። ለምን?»

«ማሞቂያው እንደሚሠራ ልጠይቃት።»

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

ጠዋት። ቦራ፣ ያ የከተማችን ብርቱ ንፋስ፣ ተነስቷል። የቆሻሻ ገንዳ መንገዱን ሲያቋርጥ አየሁ፣ ሰው ይመስል። ወደ ሱቅ ስሄድ በእሳቸው በኩል ዞርኩ፣ ለምን እንጃ። ከጓሮው ቀና ስል የማሞቂያው ጭስ ማውጫ አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። ክሬም ቀለም ያለው የመጋረጃ ገበር ይመስላል። እንዲህ ያለ ገበር በከተማው ሞልቷል። የወፍ ጎጆም ሊሆን ይችላል። ረፍዶብኛል።

ከምሳ በኋላ። ልደውልላቸው ስልኩን አንስቼ ነበር። ደንበኛ ገባች። አልጋ ልብስ። ቀለም መምረጥ አልቻለችም። ኋላ እደውላለሁ።

ማታ። እንደሆነው ልጻፈው።

ሱቅ ከዘጋን በኋላ ሄድኩ። ንፋሱ በገመድ ተይዤ የምጎተት ያህል ይገፋኝ ነበር። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ደወሉን አልደወልኩም። ቆሜ አዳመጥኩ። ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ራዲዮም የለም፣ ኮቴም የለም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ደረጃው አድክሞኝ ነበር።

በሩ ራሱ ተከፈተ። ሲኞራ ኤርሚኒያ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው መስኮቶቹ ሁሉ ተበርግደዋል፣ ቤቱ በረዶ ነው።

«በሩ ላይ ቆመሽ ቆየሽ» አሉኝ።

ወጥ ቤት አስገቡኝ። የማሞቂያው ቧንቧ ቦራ በነፈሰ ቁጥር ያፏጫል አሉኝ፤ ሙሽራ ሆነው ከገቡ ጀምሮ ያፏጫል። «ዛሬ ውኃውን ላሞቅ እሳቱን ለኩሼ ዞር ስል ዝም ብሏል። ንፋሱ ጣሪያ ሊያነሳ ነው፣ እሱ ዝም! እንዲህማ አልገባም ብዬ አጠፋሁት። ዞራን ጠራኋት፣ ከሁለተኛ ፎቅ። በጓሮው መስኮት በኩል በረጅም እንጨት ጎትታ አወጣችልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ጨርቁ ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ በአራት ታጥፏል። ጫፉ ላይ ስፌቴ አለ። የቸኮለው ስፌት።

«ደህና ጨርቅ ነው» አሉ። «ለባልሽ ስጪው፣ ሊፈልገው ይችላል።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ተይው። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት በሩ ድረስ እንኳ መጥታ አልቆመችም። አንቺ ትሻያለሽ።»

«ለምን ለፖሊስ አይናገሩም?» አልኳቸው።

«ተናግሬስ? ሰው የሚመጣልኝ ቤቱን ፈልጎ ነው፣ ልጄ። ቤቱን የማይፈልግ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።»

እቤት ስደርስ ጨርቁን ሊቪዮ ፊት አስቀመጥኩት። አየው። «የሱቃችሁ ገበር አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ነው» አልኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ጨርቁን መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ነገ ቁጭ ብለን በግልጽ እንነጋገራለን።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

አልተነጋገርንም። የገና በዓል ነው፣ በበዓል እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

ለሲኞራ ኤርሚኒያ በዎልነትና በዘቢብ የተሞላ ጥቅልል ኬክ ወሰድኩላቸው። ብቻዬን። ሦስቱ ወንበሮች ላይ ሦስት የጠረጴዛ ጨርቅ አንጥፈዋል፤ ለእኔ አራተኛ አመጡልኝ። «የአንቺን ወንበር አልገዛሁም፣ ሚስቶች አይቀመጡም ነበር» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

የሊቪዮ ሳል ብሷል። ማታ ማታ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

የአከራያችን ልጅ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። አልጋችን ላይ የራሱን ነጭ ፎጣ አጣጥፎ አስቀምጦ ፎቶ አስነሳ። «ሶፋውን ትንሽ ብትገፉልኝ፣ እናንተም ካሜራው ውስጥ ባትገቡ» አለን። ሊቪዮ ኮሪደር ላይ ቆሞ ግድግዳውን በጣቱ ይፍቅ ነበር።

«ፌብሩዋሪ መጨረሻ» አለው ልጁ። «እንደተነጋገርነው።»

«ቤት አለን» አለ ሊቪዮ። «የራሳችን ቤት አለን።»

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

ሲኞራ ኤርሚኒያ ጋ አብረን እንግባ አልኩት። ክፍሉ ትርፍ ነው፣ እሳቸውም እሺ ይላሉ፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ሊቪዮ እንደ እብድ አየኝ።

«ከእሷ ጋር? ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር? እንድትቀብረኝ ነው?»

«ብርድ ነው እኮ ሊቪዮ፣ ሐኪሙ ራሱ ብሎሃል።»

«ለኢንጂነሩም ብርድ ነው ሳይሉት አይቀሩም።»

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ጠዋት፣ ፀጉሬን እያበጠርኩ። ሊቪዮ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፦ «ያቺ ዞራ ገበያ የምትሄደው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«እ።»

ማንም ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ዛሬ ሱቅ አልገባሁም፣ ራሴን አሞኛል።

ልሄድ ካፖርቴን ለብሼ ነበር። እሳቸው ጋ ማለቴ ነው። አውቶቡስ ጠበቅሁ። አንዱ ሞልቶ አለፈ። ተመለስኩ።

ሊቪዮ ለምሳ መጣ። ለምሳ መጥቶ አያውቅም። እጁን ታጠበ፣ ቧንቧውን ዘጋ፣ ከዚያ ከፍቶ እንደገና ታጠበ። ሾርባውን አስጨመረ። አላሳለም። አንድም ጊዜ።

ስልክ ጮኸ። ዞራ ናት። እያለቀሰች ነው። ከገበያ ስትመለስ ደረጃው ሥር አገኘቻቸው። የደረጃው መብራት ጠፍቶ ነበር።

ስልኩን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ሊቪዮ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ቀበርናቸው። ከኢንጂነሩና ከጥርስ ሐኪሙ አጠገብ ቦታ ገዝተው ኖሯል። ቄሱ፣ እኛ፣ ዞራ። ሐኪሙ ልባቸው ቀድሞ ቆሞ ነው የወደቁት ብሏል፤ በዚያ ዕድሜ፣ ያለ ከዘራ፣ በዚያ ደረጃ። ሁሉም ያለው እሱን ነው።

ዞራ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «አምፖሉ ተቃጥሎ አይደለም» አለችኝ። «ተፈትቶ ነው። በእጄ አጥብቄ ሳዞረው በራ። ለፖሊስም ነግሬያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሴትዮ፣ አምፖል ይላላል አሉኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዓይኔን አልለቀቀችም። እኔ የማውቀውን ሁሉ ልነግራት ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ እምላለሁ።

«ቦራ ደረጃው ውስጥ ድረስ ይገባል» አልኳት። «ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጣል።»

ክንዴን ለቀቀች።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

ገባን። መጋረጃዎቹ ልክ ናቸው፣ ጣት አይተርፋቸው፣ ጣት አይጎድላቸው። ሊቪዮ ወንበሮቹን በሙሉ ወደ ታች አውርዶ ጣለ። ባሕሩ በወጥ ቤቱ መስኮት አለ። ማንም ሰው ይህን ቤት ቢያይ ዕድለኞች ናችሁ ይለናል።

አንድ ነገር ብቻ። ሊቪዮ ደረጃ ላይ ይቆማል። ከታች ወደ ላይ ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ይቆምና ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ የሚወርድ ሰው ሲያሳልፍ እንደሚደረገው። ራሱንም ዝቅ ያደርጋል። ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ትናንት «ማንን ነው የምታሳልፈው?» አልኩት። ያደረገውን አላወቀም።

ዛሬ እኔም ቆምኩ። እሱ ስለቆመ ነው።

እሑድ፣ ማርች 8

ሲኞር ቱሊዮ መጣ፤ በአንድ እጁ ወይን፣ በሌላው ለሴቶች ቀን የሚሰጠውን ቢጫ የሚሞዛ አበባ ይዞልኛል። ያንኑ ካፖርት ለብሷል። ቤቱን ተዘዋውሮ አየና መጋረጃውን ዳሰሰ፤ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

ሊቪዮ ነው የጠራው። ይህን ቤት ልንሸጠው ነው። እንቅልፍ የለኝም ይላል፤ በእርግጥም የለውም፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሲኞር ቱሊዮ አልተገረመም። ደረጃው ለማንም አይመችም አለ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል አለ። ከዚያ ወይኑን ቀዳና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ቤት አለኝ፣ ለማንም ገና አልተናገርኩም። ኦፒቺና መንገድ ላይ፣ ምድር ቤት፣ የአትክልት ቦታ ያለው። ጡረታ የወጡ የመርከብ ካፒቴን ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተዋል። እንደ በፊቱ ነው ውሉ። እሳቸው እስካሉ። እሳቸው ደግሞ...» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ሊቪዮ ብርጭቆውን አዟዟረው። ወደ እኔ ዞሮ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘ። እጁ ሞቃት ነበር።

«አንቺ ከሽማግሌ ጋር ትግባቢያለሽ» አለኝ። «ኤርሚኒያስ እንዴት ትወድሽ ነበር! መጀመሪያ አንቺ ሄደሽ ተዋወቂው።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አውቄ ቃሉን አዘጋጅቼው ነበር፤ በደረጃውም ላይ፣ በሱቅም ሆኜ ለራሴ ስለው ነበር። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነው።

«ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው?» አልኩ።